የአይስላንድ ሴቶችና የዩኒቨርሲቲው በር

ክቡራትና ክቡራን፣

ስለ ሴቶችና ስለ ከፍተኛ ትምህርት በተነሣ ቁጥር አይስላንድ በአርአያነት መጠቀሷ የተለመደ ነው። ሕዝቧ ወደ 400 ሺሕ በሚጠጋው በዚህች የሰሜን አትላንቲክ ደሴት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከሚከታተሉት ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ሴቶች ናቸው። ይህ ቁጥር በየመድረኩ ይጠቀሳል፣ ይጨበጨብለታል፣ ከዚያም ወደ ሌላ ርእስ ይታለፋል። እኔ ዛሬ እዚያው ቁጥሩ ላይ ልቆይ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ያመጡት ነገሮች ብዙዎቻችን ከምንገምታቸው ይለያሉ፣ ሸፍኖ የሚይዘውም ነገር አለ። መብቱ በሕግ የተሰጠው በአንድ ቀን ነው፤ ሴቶች በዩኒቨርሲቲው ከወንዶች እስኪበዙ ግን ሰባ ዓመት ገደማ አልፏል። የምናገረውም በአብዛኛው በነዚያ ሰባ ዓመታት ውስጥ ስለሆነው ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ማስታወሻ ይኖረኛል። ዘመኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሁለተኛ፣ አይስላንዳውያን እንደ እኛው ከስማቸው ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ የአባታቸውን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አይዙም፤ ሚኒስትሩም ፕሮፌሰሯም የሚጠሩት በገዛ ስማቸው ነው። ስለዚህ “ብሪየት” ወይም “ክሪስቲን” እያልኩ ብቀጥል እንደ መዳፈር አይቆጠርብኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ከመኖሩ በፊት ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አይስላንድ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ነበረች። ለመማር የታደለ ወንድ ልጅ በሬይክያቪክ ወደሚገኘው፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደሚያዘጋጀው የላቲን ትምህርት ቤት ይገባል፤ ያን ሲጨርስ ወይ እዚያው ከነበሩት የካህናትና የሐኪሞች ማሠልጠኛዎች ወደ አንዱ ይሄዳል፣ ወይ ባሕር ተሻግሮ ኮፐንሃገን ይገባል። ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ መንገድ አልነበረም። በ1874 ቶራ ሜልስቴድ የተባሉ ሴት በሬይክያቪክ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ይህ ትምህርት ቤት ዛሬም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትነት አለ። በዚያን ጊዜ ግን የእጅ ሥራና አጠቃላይ ዕውቀት ሰጥቶ ልጃገረዶችን ወደ ቤታቸው የሚሸኝ እንጂ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያደርስ አልነበረም።

በ1885 ብሪየት ብያርንሄዲንስዶቲር የተባሉ የገጠር ተወላጅ፣ ስማቸውን ለውጠው፣ ስለ ሴቶች ትምህርትና ነፃነት በጋዜጣ ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በሬይክያቪክ አዳራሽ ቆመው ስለ ሴቶች ኑሮና መብት ንግግር አደረጉ፤ በአይስላንድ ሴት በአደባባይ ንግግር ስታደርግ ያ የመጀመሪያው ነበር። ኋላም የሴቶች መጽሔት መሠረቱ፣ በ1907 የሴቶች መብት ማኅበርን አቋቋሙ፣ በ1908 በሬይክያቪክ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ የሴት ዕጩዎች ዝርዝር አቅርበው አራት መቀመጫ ካሸነፉት አንዷ ሆኑ። የብሪየት ጥያቄ ግልጽ ጥያቄ ነበር። ሴት ልጅ መማር ትችላለች ወይ ብለው አልተከራከሩም፤ ከተማረች በኋላ ምን ትሆናለች የሚለውን ነበር የሚያነሡት።

ይህንን ጥያቄ ያስነሣውን የ1886ን ድንጋጌ ጠጋ ብለን ብናየው ጥሩ ነው። ድንጋጌው ሴቶች የላቲን ትምህርት ቤቱን ፈተና፣ እኛ ማትሪክ የምንለውን ዓይነት፣ እንዲፈተኑ ፈቀደ፤ የሕክምና ፈተናም መውሰድ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ተምረው ሲጨርሱ የመንግሥት ሹመት አያገኙም፤ ወንዶቹ ተማሪዎች የሚያገኙት የገንዘብ ድጎማም ለእነርሱ አልተሰጠም። ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንዲት ልጅ ቤቷ ሆና፣ አባቷ በሚከፍለው አስጠኚ ተምራ፣ ዓመታት በክፍል ውስጥ ካሳለፉ ወንዶች ጎን ትፈተናለች። ካለፈች ደግሞ ሕክምና ታጠናለች። ሐኪም ከሆነች በኋላ ግን በአገሪቱ አንድ ሐኪም በቋሚ ደመወዝ የሚያገኘውን የወረዳ ሐኪምነት ሹመት ልትይዝ አትችልም። እንዲህ ያለ ፈቃድ ተሰጥቶ ለምን ተጠቃሚ ጠፋ ብሎ መገረም አይገባም። ልጃገረዶች በትምህርት ቤቱ ክፍል ገብተው ከወንዶቹ ጋር መማር የቻሉት ከ1904 ወዲህ ነው፤ ተምረው በመጨረስም የመጀመሪያዋ አይስላንዳዊት በ1910 የብሪየት ልጅ ላውፌይ ቫልዲማርስዶቲር ሆኑ።

ከዚያ 1911 መጣ። በዚያ ዓመት ጁን 17 ቀን የአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ጁላይ 11 ቀን፣ ለሴቶች በትምህርት፣ በትምህርት ድጎማና በመንግሥት ሹመት ሁሉ ከወንዶች እኩል መብት የሚሰጠው ሕግ ጸደቀ። ረቂቁን ለፓርላማው ያቀረቡት ቀድሞ ሚኒስትር የነበሩት ሃኔስ ሃፍስታይን ናቸው፤ ከጀርባው ግን የብሪየትና የማኅበራቸው ግፊት ነበረበት። ሕጉ ከዘመኑ እጅግ የቀደመ ነበር። የሹመቱ መብት ዳኝነትንና ክህነትን ጭምር ያካተተ ሲሆን፣ ሴቶች በፓርላማ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1915፣ ያውም ዕድሜያቸው አርባ ከሞላ ብቻ ነው። እንግዲህ በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሕግ አውጪውን መምረጥ የማትችል ሴት፣ ሕጉ እንደሚለው ከሆነ፣ በዳኝነት ወንበር ልትቀመጥ ትችል ነበር።

አዲሱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ሕንፃ አልነበረውም። በፓርላማው ሕንፃ ምድር ቤት ነበር የሚያስተምረው፤ እዚያም እስከ 1940 ቆየ። በመጀመሪያው ዓመት የተመዘገቡት 45 ተማሪዎች ሲሆኑ ከእነርሱ መካከል ሴት አንዲት ብቻ ነበሩ፤ ክሪስቲን ኦላፍስዶቲር። ክሪስቲን ሕክምና አጥንተው በ1917 ተመረቁ፤ ከዩኒቨርሲቲው የተመረቁ የመጀመሪያዋ ሴትም ሆኑ።

ከዚህ በኋላ አንድ ሰው በየዓመቱ ቁጥሩ እየጨመረ እንደሚሄድ ይገምት ይሆናል። ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። በሕግ ትምህርት የመጀመሪያዋ ሴት ተመራቂ አውዱር አውዱንስ ሲሆኑ ዓመቱ 1935 ነው፤ እኒህ ሴት ኋላ የሬይክያቪክ ከንቲባነትን፣ በ1970 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስትርነትን ከሴቶች ቀድመው ያዙ። በነገረ መለኮት ሴት የተመረቀችው በ1945 ነው። በዩኒቨርሲቲው የዶክትሬት ጽሑፍ አቅርበው ማዕረጉን ያገኙት የመጀመሪያዋ ሴት የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ሴልማ ዮንስዶቲር ናቸው፤ 1960። የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር በ1969 ተሾሙ፤ በበጎች ላይ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ የሚገድለውን የቫይረስ በሽታ ያጠኑት ማርግሬት ጉድናዶቲር። ክህነት በ1911 ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ የተሾሙት በ1974 ነው፤ ከፈቃዱ 63 ዓመት በኋላ።

ለምን እንዲህ ዘገየ? ምላሹ አብዛኛው ከዩኒቨርሲቲው በር ውጭ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ማትሪክ ያስፈልጋል፤ ማትሪክ የሚያስፈትን ትምህርት ቤት ደግሞ እስከ 1920ዎቹ መጨረሻ በሬይክያቪክ ያለው ብቻ ነበር፤ ከዚያ በሰሜኑ ከተማ በአኩሬይሪ ሁለተኛ ተጨመረ። በግ አርቢና ዓሣ አጥማጅ የሆነ የሩቅ ፊዮርድ (በተራሮች መካከል ወደ የብስ የገባ ጠባብ የባሕር ሰርጥ) ቤተሰብ አንድ ልጅ ከተማ ልኮ ማስተማር ከቻለ ማንን እንደሚልክ ለመገመት አያስቸግርም። ለሴቶቹ በየአውራጃው የተስፋፋው ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ነበር፤ የባልትና ትምህርት ቤት። ምግብ ማዘጋጀት፣ ሽመና፣ ስፌት፣ የቤት አያያዝ የሚሰጥበት፣ በአገር ደረጃ የተከበረና መንግሥትም የሚረዳው። ትምህርቱን ለማቃለል አይደለም የማነሣው፤ ክረምቱ በሚያስጨንቅበት አገር ባልትና ትልቅ ዕውቀት ነው። ሆኖም ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስድ መንገድ አልነበረም።

በዚያው ዘመን ከአገር ውጭ የሆነውን አንድ ታሪክ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ብዮርግ ቶርላክሶን በኮፐንሃገን የተማሩ ምሁር ነበሩ። ከባለቤታቸው ጋር ለሃያ ዓመታት ያህል ትልቁን የአይስላንድኛና የዴንማርክኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። ሥራው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሲታተም ባለቤታቸው አዘጋጅ ሆነው ስማቸው በትልቁ ሰፈረ፤ ብዮርግ ከዋና ተባባሪዎቹ አንዷ ተብለው ተጠቀሱ። ከዚያ በኋላ ፓሪስ ሄደው በ1926፣ በ52 ዓመታቸው፣ ከሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት አገኙ፤ በዶክትሬት የመጀመሪያዋ አይስላንዳዊት ሴትም ሆኑ። ስማቸው ግን በአገራቸው ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ነበር።

አሁን ወደ ለውጡ እንምጣ። በ1972 በሬይክያቪክ የሚገኘው የሃምራህሊድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአዋቂዎች የማታ ክፍል ከፈተ። ዓላማው ቀላል ነበር፤ ማትሪክ ሳይፈተን ያለፈ አዋቂ ሰው ቀን ሥራውን እየሠራ በማታ እንዲጨርስ። የመጡት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው ልጆች ያሳደጉ እናቶች። ብዙዎቹ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ እናትና ልጅ በአንድ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚሆኑበት ቤትም ተፈጠረ። ስለ ሴቶች ትምህርት ስንነጋገር ዓይናችን ሁልጊዜ በልጃገረዶች ላይ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከአይስላንድ የተወሰዱት ትምህርቶች ሁሉ ውስጥ ችላ የተባለው ይህ የማታ ክፍል ነው። አንዲት እናት ማትሪክ ስታልፍ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያያሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ በአደባባይ ብዙ አይነገርም፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ ቁጥሩን የቀየረው እርሱ ይመስለኛል። በ1971 የመምህራን ማሠልጠኛው የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ተሰጠው። በ1973 የአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርስነትን ትምህርት በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ፤ የቀድሞው የነርሶች ትምህርት ቤት በ1986 ተዘጋ። የሙአለ ሕፃናት መምህራን ማሠልጠኛ በ1998 ከመምህራን ዩኒቨርሲቲው ጋር ተዋሐደ፤ እርሱም በ2008 ከአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቀለ። በሌላ አነጋገር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ቀድሞም ይማሩት የነበረው ሙያ ስሙና ደረጃው ተለውጦ “ከፍተኛ ትምህርት” ተባለ። በ1960 ነርስ የሆነች አንዲት ሴት በስታቲስቲክሱ ውስጥ የለችም፤ በ1990 ነርስ የሆነች ልጇ ግን የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ተብላ ትቆጠራለች። እርግጥ ነው፣ ትምህርቱም ጠልቋል፣ ለምርምርም በር ተከፍቷል፤ የስም ለውጥ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሴት ተማሪዎች በ1980ዎቹ ወንዶቹን በቁጥር በለጡ ሲባል፣ የዕድገቱ አንድ ክፍል የመጣው ሴቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለሄዱ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲው ወደ ሴቶቹ ሙያ ስለመጣ መሆኑን መዘንጋት የለብንም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የገንዘብና የልጅ ጉዳይ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለአገሬው ተማሪ የምዝገባ ገንዘብ እንጂ የትምህርት ክፍያ የለም፤ ለኑሮ ደግሞ የተማሪዎች ብድር ፈንድ አለ። የአይስላንድ ሴቶች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱት አብዛኛውን ጊዜ በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ስለነበር፣ ተማሪ እናት እንግዳ ነገር አልነበረችም፤ የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅትም በዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ ሙአለ ሕፃናት ያስተዳድራል። በ2020 የወጣው ሕግ ደግሞ ለልጅ የሚሰጠው ድጋፍ በብድር መልክ ሳይሆን በስጦታ እንዲሆን አደረገ፤ በተወሰነለት ጊዜ ለሚመረቅም ከዋናው ብድር 30 በመቶው እንዲሰረዝ ደነገገ።

ስለ ወንዶቹም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሴቶቹ ድርሻ ሁለት ሦስተኛ የደረሰው በሴቶቹ ብቻ አይደለም። በባሕር ዳርቻ መንደር ለሚያድግ ወንድ ልጅ የዓሣ ጀልባ፣ የግንባታ ሥራ፣ የመካኒክነት ሙያ ያለ ዲግሪ ጥሩ ገቢ ይሰጡታል። እኅቱ ዲግሪ ከሌላት የሚጠብቃት ዓሣ የሚታረድበትና የሚታሸግበት ፋብሪካ፣ አለዚያም መደብር ነው። እርሷ የምትማረው ፍላጎት ስለኖራት ብቻ አይደለም፤ ሳትማር የምታገኘው ደመወዝ ዝቅተኛ ስለሆነም ነው።

የደሴቲቱን መልክዓ ምድር ለሚያውቅ የርቀት ጉዳይ አስፈላጊ ነው። ከሰሜን ምዕራቡ ኢሳፍዮርዱር ተነሥቶ ሬይክያቪክ ለመድረስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል፤ በክረምት መንገዱ በበረዶ ይዘጋል። በ1987 የተመሠረተው የአኩሬይሪ ዩኒቨርሲቲ በ1998 የነርስነትን ትምህርት በቪዲዮ መስመር ለኢሳፍዮርዱር ተማሪዎች መስጠት ጀመረ። ተማሪዎቹ ባል፣ ልጅ፣ የቤት ዕዳና ሥራ ያላቸው፣ ከከተማቸው መነቀል የማይችሉ ሴቶች ነበሩ። ከተማዪቱም ነርስ ያስፈልጋት ነበር። ዛሬ የርቀት ትምህርት በሁሉም አገር ይወራል፤ እዚያ የተጀመረው ግን ሆስፒታሉ ሠራተኛ አጥቶ ሴቶቹ ደግሞ መሄድ ስላልቻሉ ነው፤ የሠራውም ስለዚህ ይመስለኛል።

ኦክቶበር 24 ቀን 1975 ከአገሪቱ ሴቶች ዘጠና በመቶው ያህል ሥራ አቁመው ስለዋሉበት ቀንና በ1980 ስለተመረጡት ፕሬዚዳንት ስለ ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። ቪግዲስ በግሬኖብልና በሶርቦን የተማሩ፣ ፈረንሳይኛ ያስተማሩና ቴአትር ቤት የመሩ ሴት መሆናቸውን ብቻ ላስታውስ። በዩኒቨርሲቲው ግን ሴት ሬክተር፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ፣ እስከ 2005 አልነበረም፤ በዚያ ዓመት የመድኃኒት ምሁሯ ክሪስቲን ኢንጎልፍስዶቲር ተመረጡ።

ታዲያ ቁጥሩ የሚሸፍነው ምንድን ነው? አንደኛው የትምህርት ዘርፍ ክፍፍሉ ነው። በነርስነት ክፍል ወንዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ በምሕንድስናና በኮምፒዩተር ሳይንስ ሴቶቹ አነስተኛ ቁጥር ይዘዋል። ከተማሪነት ወደ ፕሮፌሰርነት ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥርም የሴቶቹ ድርሻ ይቀንሳል፤ በፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሴቶች ከግማሽ በታች ናቸው። ይህ ግን በሌላውም አገር የሚታይ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልናገር የምፈልገው ስለ ደመወዙ ነው።

በ2008 የወጣው ሕግ ከሙአለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ መምህር ሁሉ ማስተርስ፣ ማለትም የአምስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ እንዲኖረው አዘዘ። የሙአለ ሕፃናት መምህር ለመሆን ከአንድ መሐንዲስ ጋር እኩል ዓመት መማር ማለት ነው። ደመወዙ ግን እኩል አልሆነም። ውጤቱም ለመምህርነት የሚያመለክተው ሰው መቀነስና የመምህር እጥረት ነበር። በ2015 የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ማኅበራት ኅብረትና ነርሶቹ “ትምህርታችን በደመወዛችን ይታይ” ብለው ለሳምንታት ሥራ አቆሙ፤ መጨረሻው ፓርላማው ሕግ አውጥቶ አድማውን ማስቆሙ ሆነ። ኦክቶበር 24 ቀን 2023 ሴቶቹ እንደገና ለአንድ ቀን ሥራ ሲያቆሙ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ራሳቸው ከአድማው ጋር ነበሩ፤ ከጥያቄዎቹ አንዱም አሁንም ሴቶች የሚበዙበት ሙያ የሚከፈለው ዋጋ ነበር። ይህ ማለት ዲግሪው የሴቷን ደመወዝ የሚያነሣውን ያህል፣ ሴቶች የበዙበት ሙያ የዲግሪውን ዋጋ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ብቻውን የሚፈታው ጉዳይ አይደለም፤ የደመወዝ ድርድር ጉዳይ ነው።

በመጨረሻ የማነሣው በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከኑሮ የሚያውቁትን ነገር ነው። ከአይስላንድ ነዋሪዎች ከአምስቱ አንዱ ሊሆን ጥቂት የቀረው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ከሁሉ የሚበዙት ፖላንዳውያን ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከአገራቸው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዘው መጥተው ሆቴል የሚያጸዱ፣ ዓሣ የሚያሽጉና አረጋውያን የሚጦሩ ሴቶች አሉ። በ“ተማሪዎች” ዝርዝር ውስጥ አይገኙም፣ ስለዚህ ሁለት ሦስተኛ በሚለው ውስጥም የሉም። በአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ የሚመዝን ጽሕፈት ቤት አለ፤ የአንዲቱ ነርስ ወይም መምህርት ዲግሪ ከአገሬው ዲግሪ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን በወረቀት ሊያረጋግጥላት ይችላል። በሙያዋ ለመቀጠር ግን የሙያ ፈቃድና አይስላንድኛ ያስፈልጋታል፤ አይስላንድኛ ለመማር ደግሞ ከጽዳት ሥራው የሚተርፍ ጊዜ።